ክርክር፦ ድሬ ትምህርቷን ራሷ ትምራ ወይስ ከላይ ትመራ?

የሳቢያኑ አባት፦
እሺ አቦ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንዱ ተነስቶ «ፈተና ይቅር፣ እንደ ፊንላንድ እናድርግ» አለ። ሌላው ብድግ ብሎ «ሲንጋፖርን እዩ፣ ልጅ የሚበረታው በፈተና ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ችግሩ ሁሉ ነገር ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው፣ እንደ ጀርመን ለየክልሉ ይተውልን» አለ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ስለ ሽንት ቤቱ በር ሳንነጋገር ተበተንን። በሩ ከመስከረም ጀምሮ የለም! እስቲ እናንተ ፍረዱ።

የከዚራው፦
ከላይ ይመራ። ለምን? የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰፈራችን ሲሰጥ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። መልሱ ከተፈታኙ ቀድሞ ይደርስ ነበር። በጥቅምት 2015 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዙር 3.2። ያመናል፣ ግን እውነቱን አወቅነው። ፈረንሳይ ከ1808 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባካሎሬያ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ይዛ ቀጥላለች። አንድ አገር፣ አንድ ሚዛን።

የፕላዝማው ትውልድ፦
«ከላይ» ያልከውን እኛ በዓይናችን አይተነዋል። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፕላዝማ መጣ። አስተማሪዋ ቲቪ ውስጥ ናት፣ እንግሊዝኛዋ የደቡብ አፍሪካ ነው። የኛ አስተማሪ እጁን አጣምሮ ጥግ ይቆማል። እሷ «መልመጃውን ሥሩ» ትልና አንድ ደቂቃ ትሰጣለች። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። እጅ ብታወጣ ማን ያይሃል? ወላሂ የምንማረው መብራት ሲጠፋ ነበር። ቲቪው ድርግም ሲል አስተማሪያችን ጠመኔውን ያነሳል፣ እኛም በላብ ተጠምቀን ሒሳብ ይገባናል።

የጀጎሉ ልጅ፦
ሃሃ፣ እኛ ሐረሮች እንኳን ክልል ነን፣ እናንተ ናችሁ በ1996 ቻርተር ለፌዴራል ተጠሪ የሆናችሁት 😄 ቀልዱን ትቼ፣ ፊንላንድ ያለው ሰውዬ ግማሹን ነው የሰማው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨረስ እዚያም አገር አቀፍ ፈተና አለ። ደግሞ መጀመሪያ ነገሩን ያጠበቀው መንግሥት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልጆችን ገና በትንሽነታቸው የሚለያየውን የድሮ አሠራር አስቀርቶ፣ ከሰሜን ጀምሮ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ዘረጋ። ለመምህርነት ማስተርስ ግዴታ አደረገ። ተቆጣጣሪዎቹን ያስቀረው ወደ 1990ዎቹ ግድም ነው። አጥብቆ፣ አስተምሮ፣ ከዚያ ለቀቀ። እኛ ከመጨረሻው እንጀምር እያልን ነው። በዚያ ላይ ያቺ ፊንላንድ ራሷ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፒዛ (PISA) በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና ውጤቷ እየወረደ ነው።

የከዚራው፦
ሲንጋፖርስ? አንድ ፓርቲ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲመራት በሒሳብ ከዓለም አንደኛ ሆነች።

የጀጎሉ ልጅ፦
ፓርቲው ነው አንደኛ ያደረጋት? ከአንድ ፓርቲ ጋር ዘመን ቆጥረው ሒሳብ ያልገባቸው አገሮች ስንት ናቸው! ሲንጋፖርም ብትሆን ልጆችን በውጤት የምትመድብበትን የድሮውን አሠራር በ2024 (እ.ኤ.አ.) ትታዋለች።
መቅዳት ግን አይቻልም አልልም። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። የድሮው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተቀዳው ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ ነው። ግን ወረቀቱ ብቻ አልነበረም የመጣው። መምህራኑ መጡ፣ የኛ ልጆች እዚያ ሄደው ተምረው ተመለሱ፣ ማስተማሩና ምርምሩ ገበሬው ማሳ ድረስ ወረደ።

ሐምቡርግ ያለሁት፦
ጀርመንን ስለጠራችሁ ልግባ። እዚህ 16 ክልል አለ፣ ትምህርት የየክልሉ ነው። ሐምቡርግና ብሬመን ደግሞ ልክ እንደ ድሬ ከተማ ናቸው፣ ግን ክልል ናቸው። አገሩ አንድ፣ ሕገ መንግሥቱ አንድ። ብሬመን ክልሎቹ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ናት። ሐምቡርግም ከታች ነበረች፣ አሁን ወደ ላይ ወጥታለች። ስለዚህ «ለክልል መተው» ብቻውን መልስ አይሆንም። ከክልል ክልል የሚዛወር ቤተሰብም ፍዳውን ነው የሚያየው።
አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ልጅ አራት ዓመት ተኩል ሲሞላው ትምህርት ቤት ወስዳችሁ ታሳያላችሁ። የኔዋን ወሰድኳት። ሴትየዋ ሥዕል ዘረጋችላት። ልጄ «ድመት» አለች፣ በአማርኛ። ሴትየዋ ሳቀችና ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃኝ ጻፈችው። ጀርመንኛዋ ገና ስለነበር አንደኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት አንድ ዓመት ቋንቋውን እየተማረች ቆየች። ግዴታ ነው፣ ምርጫ አልሰጡኝም። ያኔ ተናድጄ ነበር።

መምህርቷ፦
ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ በአማርኛ። አምና አንድ ልጅ ነበረኝ። ቤቱ ሶማልኛ ነው የሚነገረው። ወላጆቹ የጎረቤት ልጅ እኛ ጋ ስለገባ ብቻ አስመዘገቡት። እስከ ኅዳር አንዲት ቃል አልወጣውም። ዓይን አፋር ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ፍየል በር ጥሳ ክፍል ገባች። ልጁ ብድግ ብሎ «ሪ! ሪ!» እያለ ጮኸ። ከዚያ አፉ ተከፈተ፣ የማን ፍየል እንደሆነች፣ የት እንደምትውል፣ ሁሉን በሶማልኛ ተረከልን። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ጠፍቶብኝ ነበር። ይኸው ከተማ በሶማልኛም በኦሮምኛም ያስተምራል እኮ። መስከረም ላይ አምስት ደቂቃ ያናገረው ሰው አልነበረም።

የከዚራው፦
እሱማ ሥርዓቱ ነው ጥፋቱ፣ አንቺ አይደለሽም። ግን ልጁ መስከረም ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ማነው የሚያወጣው? ሚኒስቴሩ አውጥቶ ለሁሉም ይላክ።

የፕላዝማው ትውልድ፦
ሊልክልን ነው እንግዲህ፣ በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ 😂

ጋሼ ለገሃር፦
ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሰው ነኝ። ፖለቲካ አልችልም። ጋራዣችን የገባ ልጅ የመፍቻውን ስም በፈረንሳይኛ፣ ስድቡን በኦሮምኛ፣ ሻይ ማዘዙን በሶማልኛ ይማር ነበር። መመሪያ የጻፈለት የለም፣ ግን አለቃው ከጎኑ ነበር። የድሮው ሐዲዳችን ስፋቱ 1 ሜትር ነው። አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። ያኛውን ሎኮሞቲቭ እዚህኛው ላይ ብታቆሙት አንድ ስንዝር አይሄድም። ሎኮሞቲቩ ግን ጤነኛ ነው።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን! ሐምቡርግ ያለሽው እህቴ፣ ያን ጥያቄና ሥዕል ፎቶ አንስተሽ ትልኪልኛለሽ? በሦስቱም ቋንቋ እንገልብጠውና ለመስከረም እኔ ክፍል ልሞክረው።

ሐምቡርግ ያለሁት፦
ዛሬ ማታ። ድመቷንም አልረሳም።

የጀጎሉ ልጅ፦
ሥዕሉ ላይ ፍየል ጨምሩበት።

የሳቢያኑ አባት፦
ቆይ፣ የሽንት ቤቱስ በር? እሱ የፌዴራል ነው የከተማ?

ጋሼ ለገሃር፦
ብየዳ እኔ ጋ አለ። ልኩን ላክልኝ።