ያገለገሉ የሳይክል ዕቃዎችን ወደ ሌላ አገር ለመላክ የትኛው ኩሪየር ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ሳይክሌን ፈትቼ ዕቃዎቹን ሌላ አገር ላለው የአክስቴ ልጅ ልልክለት ነው። እሱ ሳይክል እየገጣጠመ ነው፤ እኔ ጋ ደግሞ ዕቃው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ያለኝ ፍሬም ከነፎርኩ (የፊት ጎማ የሚይዘው ሹካ)፣ ሁለቱ ጎማዎች ከነሪማቸው፣ ክራንክ ከነፔዳሉ፣ ፍሬኖች፣ መሪና የኋላ ማርሽ ቀያሪ ነው። በሚዛን 11 ኪሎ ይሆናል።

አንድ ኩሪየር ጋ ደውዬ ኪሎውን ስነግራቸው ደህና ዋጋ ሰጡኝ። ካርቶኑን ይዤ ስሄድ ግን በሜትር ለኩና «ይሄ 38.5 ኪሎ ነው» አሉኝ። ሚዛኑ ላይ 11 እያለ! እያታለሉኝ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? የትኛውን አይነት ልምረጥ? ፍሬሙን በጣም ነው የምወደው፤ ተጣሞ እንዲደርስ አልፈልግም።

መልስ 1

ወንድሜ፣ አላታለሉህም። ካርቶንህ 110 በ70 በ25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው አይደል? ሦስቱን አባዛና ለ5000 አካፍል፤ 38.5 ይመጣል። ኩሪየሮች በአውሮፕላን የሚሸጡት ቦታ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ካሳየው ኪሎና ከዚህ ስሌት የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። እነ ዲኤችኤልና ፌዴክስ ለውጭ አገር ዕቃ የሚያካፍሉት ለ5000 ነው። ለ6000 የሚያካፍሉም አሉ፤ ለአንተ አይነት ዕቃ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ስትደውል መጀመሪያ «ለስንት ነው የምታካፍሉት?» ብለህ ጠይቅ።

እኔ ብሆን ሁሉን በአንድ ካርቶን አልልክም። ክራንኩ፣ ፔዳሉ፣ ፍሬኖቹና ማርሽ ቀያሪው ከባድ ናቸው፣ ግን ቦታ አይዙም። 30 በ25 በ15 የሆነ ካርቶን ከበቃቸው በስሌቱ 2.25 ኪሎ ነው። ዕቃው 4 ኪሎ ቢመዝን የምትከፍለው የ4 ኪሎውን ነው፤ ለባዶ ቦታ አትከፍልም። ይሄንን በኩሪየር ላከው።

ጎማውን ደግሞ አውልቀው። ሪሙ ከነጎማው፣ መሃሉን አልፎ ከፍሬሙ ጋር የሚያስረው መወጠሪያ ዘንግም ሳይወጣ 72 በ72 በ25 የሆነ ካርቶን ይፈልጋል፤ ይሄ ወደ 26 ኪሎ ይሰላል። ጎማውን አውልቀህ፣ መወጠሪያውን መዝዘህ፣ ሁለቱን ሪሞች ሞዟቸው (መሃላቸው ላይ ያለው ወፍራም ክፍል) ጎን ለጎን እንዲውል አድርገህ ብትደርባቸው 65 በ65 በ18 ይበቃል። ያ 15 ኪሎ ገደማ ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ 11 ኪሎ ቀነሰልህ ማለት ነው።

መልስ 2

ፖስታ ቤትን አትርሳው። በብዙ አገር የፖስታ ጥቅል የሚከፈልበት በእውነተኛው ኪሎ ነው፤ ለፍሬም የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ግን የልክ ገደብ አለው። የተለመደው ትልቁ ጎን ከ1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ ከዙሪያው ጋር ተደምሮ ደግሞ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። 1.05 ሜትርና 2 ሜትር ላይ የሚያቆሙም አገሮች ስላሉ የተቀባዩን አገር ገደብ ጠይቅ። 100 በ60 በ20 የሆነ የፍሬም ካርቶን ርዝመቱ 100፣ ዙሪያው 160፣ በድምሩ 2.6 ሜትር ይመጣል፤ በመጀመሪያው ያልፋል፣ በሁለተኛው አያልፍም።

መልስ 3

እኔ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ስለ ኩሪየሩ ሌሎቹ ነግረውሃል፤ እኔ ስለ ፍሬሙ ልንገርህ፤ የትኛውም ኩሪየር ካርቶኑን በጎኑ አስተኝቶ ሌላ ዕቃ ይጭንበታል። ፍሬም የሚጣመመው የኋላ ጎማ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ባዶውን ከተላከ ሁለቱ ክንዶች ተጨፍልቀው ይጠጋጋሉ። መሃላቸው ልኩን የጠበቀ እንጨት ወይም አሮጌ የሞዞ ዘንግ አስገባና እሰረው። ለኋላው እንደ ሳይክሉ 130 ወይም 135 ሚሊ ሜትር፣ ለፎርኩ 100 ነው፤ ግን ለክተህ ሥራ። የማርሽ ቀያሪ ማንጠልጠያዋን ጆሮ መፈታት ከቻለች ፍታት። ለትንሽ ግፊት የምትታጠፈው እሷ ናት።

የክራንኩን ጥርስ በወፍራም ካርቶን ሸፍነው። ባለፈው ወደ እኔ የመጣ ጥቅል ላይ ጥርሱ ካርቶኑን እንደ መጋዝ ቀዶ ወጥቶ ነበር፤ አብረውት ከነበሩት ሁለት ብሎኖች አንዱ የለም። ግራሶውንም በደንብ ጥረግ። ካርቶን ዘይት ከጠጣ ይላላል፣ ፕላስተሩም ይለቃል። የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር መሆኑን አትርሳ፤ በጉልበት ሲፈቱት የብዙ ፔዳል ብሎን ጥርስ ሲበላ አይቻለሁ። ሲያልቅ ካርቶኑን አንስተህ ነቅንቀው። ኳ ኳ ካለ ገና አልታሸገም።

መልስ 4

እህትህ ልምከርህ፦ ከዋጋው በፊት የኢንሹራንሱን ውል አንብብ። እኔ ያገለገለ ሪም ልኬ ተሰብሮ ደረሰ። ኩሪየሩ «ያገለገለ ዕቃ አንከፍልም፣ አስተሻሸጉም በቂ አልነበረም» አለኝ። ከፍዬ የገዛሁት ኢንሹራንስ ምንም አልሆነልኝም። በጣም አዝኛለሁ፤ ማስረጃም አልነበረኝም። አሁን እያንዳንዱን ዕቃ ሳሽግ ፎቶ አነሳለሁ፣ ያገለገለ ዕቃ ይሸፈን እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሳለሁ። በጽሑፍ ያልመለሰልኝን አልጠቀምም።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ «የሳይክል ዕቃ» ብለህ አትለፈው። «ያገለገለ የሳይክል ፍሬም፣ የብረት፣ 1» እያልክ ዘርዝር። የጉምሩክ መለያው በ8714 ይጀምራል፦ ፍሬምና ፎርክ 8714.91፣ ሪም 8714.92፣ ፍሬን 8714.94፣ ፔዳልና ክራንክ 8714.96። ዋጋውንም እውነተኛውን ጻፍ፤ ዝቅ ካደረግከው ሲጠፋም የሚከፈልህ በዚያው ነው። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ከአክስትህ ልጅ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። አንዳንድ ኩሪየር ቀረጡን ከፍሎ ከተቀባዩ ሲሰበስብ የራሱን ክፍያ ይጨምራል፤ ልጁ በር ላይ እንዳይደነግጥ። ወደ አውስትራሊያ ወይም ኒው ዚላንድ ከሆነ ጎማው ላይ አፈር እንዳይኖር እጠበው፤ አፈር ካዩ ይይዙታል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ጎማዎቹን አውልቄ ሪሞቹን ደረብኳቸው፤ 66 በ66 በ18 መጡ። ትንንሾቹን በኩሪየር፣ ፍሬሙንና ሪሞቹን በፖስታ ልልክ ወስኛለሁ። የተቀባዩ አገር ገደብ 1.5 ሜትር ነው፣ ጠይቄያለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የፊት መብራትና ጎማ መንፊያ ጋዝ የታመቀባት ትንሽ ጠርሙስም አሉኝ። አብሬ ልክተታቸው?

መልስ 1

ጋዟን ተዋት፤ የታመቀ ጋዝ አደገኛ ዕቃ ነው። መብራቱ በሊቲየም የሚሠራ ከሆነ ለኩሪየሩ ሳትናገር አትክተተው። ባትሪውን ለብቻው ነጥለህም አትላክ፤ ለብቻው የተላከ ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ባትሪ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ አይጫንም። ባትሪ የሌለውን መብራት ብቻ ላክለት፤ ባትሪውን እዚያው ይግዛ።