«ሪተር»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ፈረሰኛ፣ ባላባት ወይስ ጨዋ

ጠያቂው፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ አንድ ደብዳቤ ወደ አማርኛ መመለስ ይዤ ሁለት ቃላት ላይ ስለ ቆምሁ ምክራችሁን እሻለሁ። ጀርመን አገር ተወልዶ ያደገው የእኅቴ ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ መጻፉ ግን ስለሚያዳግተው ለአያቱ፣ ማለትም ለእናቴ፣ በጀርመንኛ የጻፈውን ተርጉሜ እንዳነብላቸው ላከልኝ። ልጁ ከሦስት ዓመት ወዲህ የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ሰይፍ አያያዝ የሚያጠና ክበብ አባል ነው። እናቴ ፎቶግራፉን አይተው «በዚህ ዘመን ሰይፍ ታጥቆ ማንን ሊወጋ ነው?» ስላሉ፣ ለምን እንደ ገባበት ሊያስረዳቸው ፈልጓል። የደብዳቤው ነገር ሁሉ «ሪተር» እና «ሪተርሊሽካይት» በሚሉት ቃላት ላይ የቆመ ነው፤ እንግሊዞች «ናይት» እና «ሺቫልሪ» የሚሏቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው የዚያ ዘመን የአውሮፓ ባለ ማዕረግ ተዋጊ፣ ሁለተኛው የተዋጊው ሥርዓትና ምግባር ነው። የመጀመሪያውን «ፈረሰኛ» እንዳልለው ልጁ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛውን «ጨዋነት» ብዬ ባነብላቸው፣ እናቴ «እሱማ ድሮም ጨዋ ነው፤ ለዚህ ሰይፍ ምን አስፈለገው?» ብለው መልስ አሳጡኝ።

የታሪክ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ «ፈረሰኛ»ን ቶሎ አይጣሉት። በሥረ ቃሉ ከሄድን ትክክለኛው እሱ ነው፤ «ሪተር» መጋለብ ከሚለው የጀርመንኛ ግስ የወጣ ሲሆን፣ የፈረንሳዮቹ «ሸቫልዬ» እና የስፔኖቹ «ካባዬሮ»ም ሁለቱም ከፈረስ የመጡ ናቸው። (ካባዬሮ ዛሬ በስፔን መጸዳጃ ቤት በር ላይ «የወንዶች» ለማለት ይጻፋል፤ ማዕረግ እንዲህ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።) የእንግሊዞቹ ብቻ ለየት ይላል፤ «ናይት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ልጅ ወይም አሽከር ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ክኔኽት» እስከ ዛሬ ከአሽከርነቱ አልወጣም።

ችግሩ ያለው በአማርኛ ሰሚው ጆሮ ነው። «ፈረሰኛ መሆን እፈልጋለሁ» ያለ ወጣት አዲስ አበባ ላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሊጫወት ያሰበ ይመስላል፤ አዊ ውስጥ ደግሞ የፈረሰኞች ማኅበር ስላለ «ፈረስህ የታለ?» ይባላል። ደግሞስ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አይደል የሚባለው? የልጁ ጉዳይ ፈረሱ ካደረሰ በኋላ ያለው ነው።

«ባላባት» የሚል ትርጉምም አጋጥሞኛል፤ አልቀበለውም። ባላባት ባለ አባት ነውና ክብሩን ይወርሳል፤ ናይት ግን የመኳንንት ልጅ እንኳ ቢሆን ናይት ሆኖ አይወለድም። በ7 ዓመቱ ገደማ ጌታ ቤት ገብቶ ያገለግላል፣ በ14 ዓመቱ ገደማ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል፣ በ21 ዓመቱ ገደማ ትከሻው በሰይፍ ተነክቶ ይሾማል። «ጋሻ ጃግሬ» ስል በድሮ ትርጉሙ መሆኑ ይያዝልኝ፤ ዛሬ ለክፉ ሰው ተከታይ የሚሰጥ ስድብ ሆኗል።

የኒሻን ሰብሳቢው፦
ባጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ከብሪታንያ የጋርተርን ኒሻን ተቀብለዋል፤ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1348 የመሠረተው ነው። በእንግሊዝኛው «ናይት ሆኑ» ይባላል፤ እኛ «ኒሻን ተሸለሙ» እንላለን። አማርኛችን ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ብቻ ወሰደ፤ ሰውዬው የሆነውን ነገር ተወው። የእኅትዎ ልጅ ኒሻን ስላልፈለገ ይህ መንገድም የሚያወጣዎት አይመስለኝም።

መምህርቷ፦
ጠያቂ ወንድሜ፣ እናትዎ የተናገሩት ቀልድ አይደለም፤ የቃሉን ሕመም በጣታቸው ነክተውታል። «ጨዋ» ዛሬ አርፎ የተቀመጠ፣ አፉን የሰበሰበ፣ ታላቅ ሲመጣ ብድግ የሚል ሰው ነው። ጥንት ግን ጨዋ ወታደር ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በየግዛቱ እየሰፈሩ አገር የሚጠብቁት የንጉሡ ጭፍሮች «ጨዋ» ይባሉ ነበር። እኔ እንደምገምተው ስሙ መሬት ከያዘው ወታደር ወደ ልጁ፣ ከልጁም ወደ አስተዳደጉ እየተላለፈ «የጨዋ ልጅ» ላይ ደረሰ። «ሺቫልሪ»ም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የፈረሰኛ ጦር ነበር፣ ቀጥሎ የዚያ ጦር ሥርዓት ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ለሴት በር መክፈት ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱም ቃላት ሳይተዋወቁ ከጦር ሜዳ ተነሥተው ሳሎን ገቡ።

ልዩነታቸው የእኛው ጨዋ ሳሎን ሲገባ ትጥቁን በር ላይ ፈትቶ መግባቱ ነው። ዛሬ የማይመታ ሰው ሁሉ ጨዋ ይባላል፤ መምታት ስለማይችል ይሁን እየቻለ ስለ ተወው ማንም አይጠይቅም። ሪተርሊሽካይት ግን ሰይፉ በእጅ እያለ የሚታይ ጨዋነት ነው። «ጀግንነት» እንዳንለው ደግሞ በፉከራችን «ገዳይ» ምስጋና ነውና ምሕረቱ ይቀርበታል። በነገራችን ላይ የአውሮፓ ሪተሮችም ቅዱሳን አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ989 ፈረንሳይ ውስጥ ሻሩ በተባለ ስፍራ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያንን የሚዘርፍንና የድኻ ከብት የሚነዳን ያወገዙት፣ የታጠቀው ሰው ይህን ያደርግ ስለ ነበር ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦
በጉባኤ ቤት ደግሞ «ጨዋ» ማለት ያልተማረ ማለት ነው። ደብዳቤው ሲነበብ የንስሐ አባታቸው አጠገባቸው ካሉ ጥንቃቄ ያድርጉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት «ሰይፉ በእጅ እያለ» ያሉት ከልጁ ሐሳብ ጋር ስለ ገጠመልኝ፣ የደብዳቤውን ዋና ክፍል እስካሁን በተረጎምሁት መልክ አቀርባለሁ፦

«አያቴ፣ ሰይፉ ፌደር ይባላል፤ ላባ ማለት ነው፤ ክብደቱ ግን ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ስለቱ ደነዝ ነው፤ ፊታችንንም እንደ ወንፊት በተሠራ የብረት ጭንብል እንሸፍናለን። የምንማርበት የሊሽተናወር፣ የጥንቱ ጀርመናዊ የሰይፍ መምህር፣ ግጥም “ወጣት ሪተር ሆይ” ብሎ ሲጀምር፣ ስለ ሰይፉ ምንም ሳይናገር እግዚአብሔርን እንዲወድና ሴቶችን እንዲያከብር ነው የሚያዝዘው። እኔን ክበቡ ውስጥ ያቆየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰይፍ ሲነካኝ፣ ዳኛው ባያየውም፣ እጄን አንሥቼ ቆሜ እናገራለሁ። በምሠራበት መጋዘን ዕቃ የሰበረ ሰው ከሌላው ሣጥን ሥር ይከተዋል፤ እኔም ከትቼ አውቃለሁ። ልምምድ ከጀመርሁ ወዲህ ግን አልቻልሁም።»

የከበደኝ «እጄን አንሥቼ» የሚለው ነው።

መምህርቷ፦
መክበድስ አለበት። «እጁን አነሣበት» ካልን መታው ማለት ነው፤ ልጁ የተመታው ራሱ ሆኖ ሳለ መቺ ይመስላል። «እጅ ሰጠ» ካልን ተማረከ፤ ይህም አይደለም፣ ፍልሚያው ይቀጥላልና። «እጅ ነሣ» ካልን ሰገደ ወይም ሰላምታ አቀረበ፤ ይኸኛው ፍልሚያው ሳይጀመር ሰይፍ አንሥተው ለሚሰጡት ሰላምታ ይስማማል። አንዲት እጅ በሦስት ግሶች ሦስት ሰው አደረገችን። እኔ ብሆን እጁን ትቼ ግሱን ከችሎት እዋስ ነበር፤ ተከሳሽ ጥፋቱን «አመነ» እንደሚባለው፣ ልጁም «መመታቴን አምናለሁ» ይበል። «ታማኝ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ግስ ስለ ወጣ፣ ሪተርሊሽካይት ለማለት የፈለገው ነገር እዚያው ውስጥ ይገኛል።

የታሪክ ወዳጅ፦
በዚህ እስማማለሁ። «ሪተር»ን ግን እንዳለ ይተዉትና አንድ ጊዜ «የታጠቀ ጨዋ» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱን ችሎ ይሄዳል።

ጠያቂው፦
እንደ ምክራችሁ አድርጌ ትናንት ማታ አነበብሁላቸው። «የታጠቀ ጨዋ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ኪሎ ተኩል ብረት ላባ መባሉ ግን አልዋጥ አላቸው። «መመታቴን አምናለሁ» ላይ ስደርስ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና «የመታውስ ምን ይለዋል?» አሉ። ደብዳቤው ውስጥ ይህ አልተጻፈም። ለልጁ ጥያቄውን ልኬለታለሁ፤ መልሱ ሲመጣ ሌላ ቃል ሳያስቸግረኝ አይቀርምና ተመልሼ እመጣለሁ።