«ጨዋታ ብቻ ነው» ለምትሉ

የሕፃናት መምህርት፦ ትናንት እዚህ ቡድን ላይ አንዲት እናት «ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት በሳምንት ሁለት ቀን ብትቀርስ? እዚያ ያለው ጨዋታ ብቻ ነው» አለች። ስንቱ «እውነትሽን ነው» አላት። አንጀቴ ነው ያረረው። ማክሰኞና ረቡዕ የቀረች ልጅ ሐሙስ በር ላይ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ አትለቅም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የማን ተራ እንደሆነ ይጠፋታል። እሷን ለማላመድ ስንት ቀን ለፍቼ ነበር!

የአራት ዓመቷ እናት፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ስታስል ያደረች ልጅ ቀስቅሼ አልወስድም። ፊደሉን ቤትም ትማረዋለች።

የሕፃናት መምህርት፦ የታመመች ትምጣ መቼ አልኩ? ስለ ፊደልስ ማን አወራ? እኔ የያዝኩት «ብቻ» ያልሽውን ነው። ጨዋታው እኮ ነው ትምህርቱ። ተራ መጠበቅ፣ ተጣልቶ መታረቅ ለብቻ አይለመድም።

ቁጥር ወዳዱ፦ አቆጣጠሩም ችግር አለው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያ 4.2.2 አንደኛ ክፍል ሊገቡ አንድ ዓመት የቀራቸው ልጆች ስንቶቹ ትምህርት ላይ እንዳሉ ይለካል። በሳምንት ስንት ቀን እንደመጡ አይጠይቅም። መዝገቡ ሞልቶ ምንጣፉ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አባትየው፦ በ1962 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን የተጀመረውን የፔሪ መዋዕለ ሕፃናት ጥናት እዩ። 123 ሕፃናት ነበሩ። ከፊሎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ተማሩ። 40 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ በሥራና በገቢ ካልተማሩት ይሻሉ ነበር።

የአራት ዓመቷ እናት፦ ግማሹን ብቻ ነገርከን። መምህራኑ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር። የኔን በር ማን አንኳኳ? ስትቀር «ምን ሆና ነው?» ብሎ የደወለልኝ የለም።

የሕፃናት መምህርት፦ 30 ልጅ ብቻዬን ይዤ መቼ ልደውል?

የሌሊት ተረኛ፦ እኔ ከሥራ ስወጣ የልጄ ክፍል ተጀምሯል። በሩ ይዘጋብኛል። አባትየው ደግሞ «ግድ ያላት እናት ታደርሳለች» ብለህ ጽፈሃል።

አባትየው፦ ብያለሁ። የሌሊት ሥራን አላሰብኩትም፣ ይቅርታ። ግን ሕግ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ3 ዓመት ጀምሮ ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች።

የሌሊት ተረኛ፦ ግዴታው በሩን ይከፍትልኛል?

የአራት ዓመቷ እናት፦ እዚያም ቢሆን የ3 ዓመት ልጅ ከሰዓት ቤት እንዲውል ወላጅ መጠየቅ ይችላል።

የሕፃናት መምህርት፦ ከሰዓት። ሁለት ቀን ሙሉ አይደለም።