ቨርጂንያ ውስጥ በጣም ሰክሮ የነዳ ሰው መታሰሩ አይቀርም?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ጓደኛዬ አሌክሳንድሪያ ላይ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ትንፋሹ ሲለካ የአልኮል መጠኑ 0.17 ሆነ። የመጀመሪያዬ ስለሆነ በገንዘብ ያልፋል ብሎ ተዝናንቶ ቁጭ ብሏል። እውነቱን ነው?

ባለታክሲው፦ ኧረ ወንድሜ! ወሰኑ 0.08 ነው። ከ0.15 እስከ 0.20 ሆኖ ከተፈረደበት፣ የመጀመሪያው ቢሆንም እንኳ ዳኛው ሊምረው የማይችለው 5 ቀን እስር አለበት፣ ከ0.20 ካለፈ ደግሞ 10 ቀን።

ሰብሊ፦ 5 ቀን ምን አላት? እኔ ከሥራ የምገባው በሌሊት ነው፣ መስመር ስቶ ወደ እኔ የሚመጣ መኪና ሳይ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። 0.17 እኮ የአንድ ሁለት ቢራ ነገር አይደለም።

ባለታክሲው፦ ልክ ነሽ። ግን መኪናው ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ይብሳል፣ ካልተነፈሱበት ሞተሩ አይነሳም። ዜግነት ከሌለው ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያናግር፣ ዛሬውኑ።