የተቃጠለ ዘይት ይታገድ? «አያቶቻችን ምንም አልሆኑም»

የጠባሴው፦ ትናንት ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት ለአጥርና ለከብት እንዳይሸጡ ይታገድ የሚል ሐሳብ ተነስቶ አንዱ ወንድማችን «አያቶቻችን ሲቀቡት ኖረው ምንም አልሆኑም» ብሎ ዘጋው። ያን ሁሉ ላይክ ያገኘው ደግሞ እሱ ነው። ሞተር ውስጥ የከረመ ዘይት እኮ ከጣሳ እንደወጣው አይደለም። ከቃጠሎው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ይጠራቀምበታል፣ እርሳስና ካድሚየምም ይገኝበታል። አይጥ ቆዳ ላይ ሲቀቡት ዕጢ አብቅሏል። እኛ ለእከክ ብለን ላም ጀርባ ላይ እናፈሰዋለን፣ ላሟ ትልሰዋለች፣ ወተቱን ለልጅ እንሰጣለን። ከዚያ ምንም አልሆኑም!

ሮቢት ነኝ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተቀምጦ ስለ ምስጥ ማውራት ቀላል ነው። ሸዋ ሮቢት ና፣ ባሕር ዛፍ ሳትቀባ ትከል፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆምልህ እናያለን።

የመሐል ሜዳዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። የትኞቹ አያቶች? መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም በምኒልክ ጊዜ ነው፣ ያውም ለንጉሡ። አንኮበር ላይ ጋራዥ ነበር እንዴ?

ሮቢት ነኝ፦ ጣሊያን የጣርማ በርን ዋሻ ሲፈለፍል በአህያ የሠራው መሰለሽ? ካሚዮኑ ያኔ ነው የመጣው። አያቴ ዘጠና አልፎት ነው የሞተው፣ አጥሩ አሁንም አለ።

የመሐል ሜዳዋ፦ ነፍስ ይማር። የሌሎቹን አያቶች ግን ማን መረመረ? እኛ ጋ «ታሞ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል፣ በቃ። በምን እንደሞቱ ሳታውቅ ምንም አልሆኑም ትላለህ።

መካኒኩ፦ ሁላችሁም ስለ አጥርና ላም። እኔ እስከ ክርኔ ዘይት ውስጥ ነው የምውለው፣ ጓንት የሚባል የለም፣ ማታ እጄን በናፍጣ ነው የማስለቅቀው፣ ስለኔ አንድም ሰው አልጻፈም። ይታገድ ካላችሁ የት ልድፋው? በሬሳ ወንዝ?

የጠባሴው፦ ወንዝ ማን አለህ! አደገኛ ቆሻሻን በሚመለከት አዋጅ 1090/2010 አለ፣ በዘፈቀደ አይደፋም።

መካኒኩ፦ አዋጁ በርሜል ይዞ ይመጣል?

ጥቁር ሰሌዳ፦ ቀስ በሉ፣ እየተደባለቀ ነው። በደንብ ያልተጣራ ማዕድን ዘይት ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አረጋግጦ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ዛሬ የሚሸጠው የሞተር ዘይት ግን በደንብ የተጣራ ነው፣ መጥፎ የሚሆነው ከሠራ በኋላ ነው። እገዳውም በጅምላ አይደለም። ብረት መቁረጫ ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው አጭር ሰንሰለት ክሎሪን ያለው ፓራፊን የሚባል ኬሚካል በስቶክሆልም ስምምነት (ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ ውል) ዝርዝር የገባው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ፒሲቢ የሚባለው መርዛማ ኬሚካል ያለበት የትራንስፎርመር ዘይት ደግሞ ከፈረንጆቹ 2025 በኋላ አገልግሎት ላይ እንዳይገኝ ተብሏል፣ እኛም የስምምነቱ አባል ነን። የማሽን ዘይት ቀልድ የሚመስለው ካለ የሞሮኮን ይስማ። በፈረንጆቹ 1959 የአውሮፕላን ሞተር ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠና 10,000 ያህል ሰው ሽባ ሆነ።

ሮቢት ነኝ፦ ጋሼ፣ እነሱ በልተውት ነው። እኔ አጥር ነው የቀባሁት። አጥር የሚበላ አለ?

የመሐል ሜዳዋ፦ ምስጡ። ለሱ አይደል የቀባኸው?

ሮቢት ነኝ፦ ሳቂ። እንጨቱን አንቺ ግዢልኝ።

የጠባሴው፦ ዝናብ ሲያጥበው የት የሚሄድ ይመስልሃል? አጥርህ ሥር ጎመን የለም? ጉድጓድ ውኃስ?

ብየዳ ቤት፦ ቆይ ጋሼ መምህር፣ የብየዳ ማሽናችን ውስጥ ያለው ዘይት ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተቀዳ ነው። ፒሲቢ ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ? ይሸታል?

ጥቁር ሰሌዳ፦ በማሽተትም በማየትም አይለይም። ላቦራቶሪ ነው። እስኪታወቅ ግን እጅህን አታስነካው፣ ለሌላም አትስጥ።

ብየዳ ቤት፦ ላቦራቶሪው የት ነው?

ሮቢት ነኝ፦ 😂 ይኸው! መመርመሪያ ሳይኖር ማገድ።

የጠባሴው፦ ፒሲቢና ያንተ አጥር ምን አገናኘው? ርዕስ አትቀይር።

መካኒኩ፦ እስክትስማሙ ሁለት ጄሪካን ሞልቷል። የሚፈልግ ጠዋት ይምጣ፣ ዋጋው ያው ነው።

ሮቢት ነኝ፦ ሁለቱንም ያዝልኝ።