18 ሚሊሜትር ጠጠር፣ ሦስት ሐኪም፣ ሦስት ምክር

ጤና ይስጥልኝ። በግራ ኩላሊቴ የታችኛው ክፍል 18 ሚሊሜትር ጠጠር አለኝ፤ በሲቲ ስካን ጥንካሬው 1200 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ስካን የጥግግት መለኪያ) ገደማ ነው። አንደኛው ሐኪም ከውጭ በሞገድ ይሰበር አለኝ። ሁለተኛው ግን «ጠንካራ ነው፤ ቢሰበርም ስብርባሪው ከታች ተኝቶ ይቀራል» ብሎ፣ በሽንት ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ካሜራ በሌዘር ማድቀቁን መረጠ። ሦስተኛው በጀርባ በኩል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ከፍቶ ጠራርጎ ማውጣት ይሻላል ባይ ነው።

የጀርባው መንገድ ቀዳሚ ምርጫ የሚሆነው ጠጠሩ ከ20 ሚሊሜትር ሲበልጥ ነው፤ የእኔ ደግሞ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል! ደም መፍሰሱን እፈራለሁ። በሌዘሩ የሚያስጨንቀኝ ሁለት ጊዜ ልገባ እችላለሁ መባሉና ከዚያ በኋላ ሽንት ከኩላሊት እንዲወርድ ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ ነው። ከዓመታት በፊት አንዱን ተሸክሜ፣ ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ኖሬያለሁ ማለት ይቻላል።

የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ከሥራ የምርቅበት ቀን ብዛት ያሳስበኛል። ተመሳሳይ ጠጠር የነበራችሁ የትኛውን መረጣችሁ? ስንት ቀን ተኛችሁ? ስብርባሪ ቀርቶባችኋል? ሐኪሞች ካላችሁም፣ ከመወሰኔ በፊት ምን ልጠይቃቸው?