የእናቴ የሲቢዲ ዘይትና ጉበታቸው

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከእኔ ጋር ለመኖር የመጡት እናቴ ለጉልበታቸው ሕመም ይጠቅማል ተብለው ከምላሳቸው ሥር የሲቢዲ (ካናቢዲዮል የተባለ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር) ዘይት ማድረግ ከጀመሩ ሁለት ወር ሆናቸው። ጠርሙሱ 30 ሚሊ ሊትር ሲሆን 1500 ሚሊ ግራም ይላል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሚሊ ሊትር ይወስዳሉ። ባለፈው ሳምንት በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይማቸው ከፍ ብሏል ተባልን። ለልባቸው ዋርፋሪን የተባለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ዘይቱ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሚል አልጠረጠርኩትም። ከእርሱ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦

እህቴ፣ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግርሽ ሐኪማቸው ነው፤ እኔ ግን መድኃኒት ቤት ስለምሠራ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ጉበት ከተፈጥሮ የመጣውንና ከፋብሪካ የመጣውን አይለይም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የካናቢዲዮል (የሲቢዲ) መድኃኒት ለሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ሲፈቅድ፣ የጉበት ጉዳት በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተጽፏል። ሐኪሞች ሕክምናው ሳይጀመር፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር የጉበት ምርመራ ያደርጋሉ። ቫልፕሮኤት የተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ አደጋው ይጨምራል።

ያ ለታመሙ ሰዎች በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመ ጥናት 201 ጤነኛ አዋቂዎች ተሳትፈው ነበር። በኪሎ ክብደታቸው 5 ሚሊ ግራም ካናቢዲዮል በየቀኑ ለ28 ቀናት ከወሰዱት መካከል 5.6 በመቶው የጉበት ኢንዛይማቸው ከጤናማው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ወጣ። ሕመም አልተሰማቸውም፤ የታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። መውሰዱን ሲያቆሙ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ወደ እናትሽ ጠርሙስ እንምጣ። 1500ን ለ30 ብናካፍለው በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ በቀን 100 ይወስዳሉ። በጥናቱ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 350 ይወስድ ስለነበር የእርሳቸው ያንሳል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ግን ቀድሞ በቀን እስከ 70 ሚሊ ግራም ይል የነበረውን ምክር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 10 አውርዶታል፤ ያውም ለጤነኛ አዋቂ። ይህ ሁሉ ደግሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 ምርቶች ተመርምረው ልክ ሆኖ የተገኘው ሲሶ ያህሉ እንኳ አልነበረም።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ዋርፋሪኑ ነው። ካናቢዲዮል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ስለሚያውክ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊከማችና መድማትን ሊያስከትል ይችላል። ዛሬውኑ ወደ ክሊኒኩ ደውዪ። ሐኪሙ እስኪያያቸው ዘይቱን ቢተዉት ይሻላል፤ ዋርፋሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳትነኩት። ዘይቱ ሲቆምም የደሙ ቅጥነት ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና እንዲለካ ጠይቂ። ዐይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ድድና አፍንጫቸው ከደማ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሐኪም ቤት የምታስተረጉሚላቸው አንቺ ነሽ? ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ሲል ቃል በቃል ከተረጎምሽው ብዙ ሰው የለም ይላል። የሚውጡት፣ የሚጠጡት፣ የሚቀቡት፣ ከምላስ ሥር የሚያደርጉት እያልሽ በዝርዝር ጠይቂያቸው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ደውዬ ለነገ ጠዋት አስገቡን። ያልከው ነገር ደርሷል፤ ያን ቀን ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ከልብ መድኃኒታቸው በቀር ምንም የለም ብለው ነበር፣ እኔም እንዲያው ተረጎምኩ። ዛሬ ጠርሙሱን ከእጅ ቦርሳቸው አውጥቼ ይህስ ምንድን ነው ብላቸው፣ "እሱማ ዘይት ነው" አሉኝ።